የቡሬክ ካርድ ጀርባ

አርሊን ቮይት ስለ ቤዝቦል የምታውቀው ነገር መዳፍ አይሞላም። ይህን የምለው ላሳንሳት ብዬ አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ አትክድም። መቺው ሲመታ ሰው እንደሚሮጥ ታውቃለች፣ የሚሮጠው ለምን እንደሆነ ግን ግድ ሰጥቷት አያውቅም። ሆኖም በያመቱ በበጋ፣ የካርድ ሰብሳቢ ሁሉ ከአራቱም ማዕዘን ተጠራርቶ አምስት ቀን በሚርመሰመስበት በዚያ ትልቅ ጉባኤ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አልቀረችም። ጉባኤው ክሊቭላንድ ሲሆን ደስ ይላታል፣ ለቤቷ ቅርብ ነው። ቺካጎ ሲሆን ትሄዳለች። አንዴማ አትላንቲክ ሲቲ ድረስ ብቻዋን ነድታ ሄዳ፣ ስትመለስ ጉልበቷ አብጦ ለሳምንት መራመድ አቅቷት ነበር።

የምትፈልገው አንድ ካርድ ነው። ላይል ቡሬክ የሚባል፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበል ሰው ካርድ፤ እሱም ተጠባባቂ ነበር እንጂ ቋሚ እንኳ አልነበረም። በፈረንጆቹ ስልሳ ስምንት የወጣ ካርድ ነው። ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት፣ ፎቶ አንሺውን ‘ቶሎ በልና ልቀቀኝ’ የሚል ይመስላል። ዋጋው ከአንድ ሆት ዶግ ያንሳል። ነጋዴዎቹ ከርካሾቹ ጋር በረጅም ሳጥን ደርድረውት ማንም ሳይነካው ይከርማል።

አርሊን ትመጣለች፣ ሳጥኑን ትፈትሻለች፣ ቡሬክን ስታገኝ ፊቱን ሳታይ ገልበጥ ታደርገዋለች። ጀርባውን ለአፍታ ታይና “አይ፣ ይኼ አይደለም። አመሰግናለሁ” ብላ ትመልሰዋለች። አንድ ካርድ ብቻ አይደለም፤ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ቡሬክ በሙሉ ሳትገለብጥ ወደ ቤቷ አትሄድም።

የካርድ ሰው ጉደኛ ነው። የአንዲት ብጣሽ ካርቶን ማዕዘን ተላጠች አልተላጠችም ብሎ ቆሞ ይውላል፤ በትንሽ ባትሪ እያበራ፣ በአጉሊ መነጽር እያየ። ካርዷ ላይ ልጅ ስሙን ጽፎባት እንደሆነ ደግሞ አፉ ውስጥ ዝንብ የገባበት ይመስል ፊቱን ያጨማድዳል። እና እነዚህ ሰዎች አርሊንን ዓመት ከዓመት ሲያዩዋት የራሳቸውን ትርጉም ሰጧት። ‘ይቺ ሴትዮ ነቁጥ የሌለበት ጀርባ ነው የምትፈልገው’ አሉ። ሌላው ፊት ለፊቱን ሲያይ እሷ ጀርባውን ታያለች፤ ስንት ያማረ ቡሬክ ሲያመጡላት አሻፈረኝ ብላ መለሰች! በዚህ አከበሯት። እነሱ ዘንድ እንዲህ መራጭ መሆን ትልቅነት ነው። “ገልባጯ” የሚል ስም አወጡላት፣ ለእሷ የሚሆን ንጹሕ ቡሬክ ሲያገኙም እየለዩ ያስቀምጡላት ጀመር።

እውነቱ ግን ተቃራኒው ነበር።

አርሊን ያደገችው ኢሪ ሐይቅ ዳር፣ ፖርት ክሊንተን በምትባል የዓሣ ከተማ ነው። ሩዲ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራት። ሩዲ በገዛው ካርድ ሁሉ ጀርባ ላይ በእርሳስ የመጻፍ አመል ነበረው። ከላይ ቀኑን ያደርግና ከሥር የዕለቱን ወሬ በአንድ ሁለት መስመር ያሰፍራል። ‘ዛሬ ዝናብ። አባባ ጥርሱን አሞት ሳይበላ ተኛ።’ ‘ዛሬ አርሊን ከዛፍ ወደቀች። የገፋኋት እኔ ነኝ። አልተናገረችብኝም።’ የዕለት ማስታወሻ ደብተር ያለህ ይመስላል ብለው ሲቀልዱበት “ደብተር የሴት ነው፣ የካርድ ጀርባ ግን የወንድ ነው” ይላል፣ ኮስተር ብሎ።

አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ እሷ ደግሞ አሥራ አራት። በዚያ ጁላይ ሩዲ ዓሣ ከሚበለትበት ቤት ሥራውን ጥሎ ወጣ። ለቤት ሰው አልተናገረም። በየጧቱ ምሳውን ይዞ ይወጣና ቀኑን በጓደኛው ጀልባ ላይ ያሳልፋል። ይህን የምታውቀው አርሊን ብቻ ነበረች። እኔም ጀልባው ላይ ውሰደኝ አለችው፣ እሺ አላት፣ ከዚያ ረሳው። ሁለተኛ ጠየቀችው፣ ሳቀባት። በዚያው ምሽት፣ ጁላይ አሥራ ስምንት፣ እራት ላይ፣ ጎረቤት በተቀመጠበት፣ አፏን ከፍታ ሁሉንም ዘረገፈችው።

አባታቸው ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ተነሣና ሩዲን በጥፊ አለው። ጎረቤትየው ሳህኑን አቀርቅሮ አየ። ሩዲ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጥቶ ደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ከኪሱ ያልተከፈተ የካርድ እሽግ አወጣ፣ ቀደደው፣ ማስቲካውን አፉ ውስጥ ጣለና ከጆሮው ኋላ እርሳሱን አነሣ። አርሊን ከወንፊት መሳዩ የሽቦ በር ኋላ ቆማ ታየዋለች። ካርዷን ጉልበቱ ላይ አቁሞ ሲጽፍ የካርዷ ፊት ወደ አርሊን ነበር፤ ጭምብሉን ወደ ግንባሩ የገፋ፣ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ የገባችበት ሰው። ሩዲ ይጽፋል፣ ቀና ብሎ ያያታል፣ ደግሞ ይጽፋል። ያን ያህል ረጅም ጽፎ አያውቅም።

“ምንድን ነው የምትጽፈው?” አለችው።

“ስላንቺ ነው።”

“ምን ብለህ?”

“ነገ ስመለስ ታነቢዋለሽ።”

ሊነጋጋ ሲል ደረጃውን ሲወርድ ሰምታዋለች። ነቅታ ነበር። አኩርፋ ስለነበር የተኛች መሰለች። የዚያን ቀን ከሰዓት ነፋሱ ተነሣና ጀልባዋ ተገለበጠች። ጓደኛው ወጣ፤ ሩዲ በሦስተኛው ቀን ተገኘ።

የካርዶቹ ሳጥን አልጋው ሥር ነበር፣ የጫማ ካርቶን። አርሊን በየቀኑ በርከክ እያለች ታየዋለች፣ አትነካውም። ፈራች። ምን ብሎ ይሆን? አሳባቂ ብሎ ይሆን? ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም ብሎ ይሆን? ወይስ ምሯት ይሆን? ነገ እከፍተዋለሁ፣ ነገ እከፍተዋለሁ ስትል ሁለት ሳምንት ሄደ። አንድ ቀን ከሰዓት ከሱቅ ስትመለስ የሩዲ ክፍል ባዶ ሆኖ ጠበቃት። እናቷ የልጇን ዕቃ ማየት አቅቷት ልብሱንም፣ ጫማውንም፣ ሳጥኑንም ሰብስባ ለቤተ ክርስቲያን ባዛር ሰጥታዋለች። አርሊን እየሮጠች ደረሰች። የቀሩት ሁለት ሹራቦችና አንድ ቀበቶ ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ የምትፈልገው ያቺን የተጻፈባትን ጀርባ ነው። ሩዲ ቂም ይዞባት ሄደ ወይስ ይቅር ብሏት? ሃምሳ ስድስት ዓመት ከዚህ ጥያቄ ጋር ኖራለች፤ አግብታ፣ ሁለት ልጆች ወልዳ፣ የሌላ ሰው ልጆችን በቢጫ አውቶብስ ለትምህርት ቤት እያመላለሰች፣ ባሏን ቀብራ፣ ጡረታ ወጥታ።

ለምን አልተናገረችም? ተናግራ ነበር። መጀመሪያ የመጣች ዓመት፣ አፉ ቅቤ ለሆነ አንድ ነጋዴ ሁሉንም አጫወተችው፤ ቀኑን፣ እርሳሱን፣ ለእህት የተጻፈ መሆኑን። ሰውዬው ከንፈሩን መጠጠላትና “ነገ ብቅ በይ፣ የማውቀው ሰው ጋ ያለ ይመስለኛል” አላት። በማግስቱ ቡሬክን አቀረበላት። ጀርባው ላይ ቀን አለ፣ ከሥሩ ‘ለምወድሽ እህቴ’ ይላል። ይኸው አገኘሁት አለች። ቀጥሎ ፊደሉን አየችው። የሩዲ ጽሑፍ ወደ ግራ የተጋደመ ነበር፤ ይህ ድብልብል ያለ፣ እርሳሱ ገና የሚያበራ። ሰውዬው ሳያፍር እሳት የሆነ ዋጋ ጠራላት። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መጸዳጃ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ጉባኤው ላይ ታይቶ አያውቅም፣ እሷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የምትፈልገውን ካወቁ አስመስለው ይሠሩላታላ!

ለባሏ ለዶይል እንኳ አልነገረችውም። “ፊቱ ደስ ይለኛል” ብላ ገላገለችው። ምስኪኑ ዶይል በፎቶ ሰው ቀንቶ፣ አንድ ክረምት ሙሉ የቤዝቦል ኮፍያ አድርጎ እራት ሲበላ ከረመ።

አንድ ዓመትማ ቡሬክ ራሱ ለፊርማ መጣ። ሌሎቹ ዝነኞች ፊት ሰልፉ አዳራሹን ዞሮ ይወጣል፣ ቡሬክ ፊት ማንም የለም፤ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ብቻውን ተቀምጧል። ነጋዴዎቹ አርሊንን እየገፉ ወስደው ፊቱ አቆሟት። “ይቺ ሴት አንተን ስትፈልግ ሃያ ዓመቷ ነው!” አሉት። ሽማግሌው ግራና ቀኙን አየ። “እኔን?” አለ። “የኔ እመቤት፣ ምን በድዬሽ ነው?” ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ሳታስበው እንባዋ መጣ። እሱም ምን ቢያደርግ እንደሚሻል ጠፍቶት እጇን ያዘ፣ ለረጅም ጊዜ አልለቀቃትም።

ከነጋዴዎቹ ሁሉ የቀረባት ሜርል ስታንሲክ ነበር። ፓርማ የሚኖር፣ ዕድሜውን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የብረት ቅርጽ ማውጫ ሲሠራ የኖረ፣ ከፀጉር የቀጠነ ስህተት በጣቱ ዳብሶ የሚያገኝ ሰው ነው። ያ ጣት አሁን ይንቀጠቀጣል። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ በርናዲን ከሞተች ወዲህ ሸሚዙን ራሱ ስለሚተኩስ ኮሌታው ሁሌ አንድ ጎኑ ይነሣል። በያመቱ ከጠረጴዛው ኋላ ለአርሊን አንድ ታጣፊ ወንበር ያዘጋጅላታል። ስትደክም እዚያ ትቀመጣለች፣ ከቤቷ ያመጣችውን ሳንድዊች ይካፈላሉ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ደም ግፊት ያወራሉ። ስለ ቡሬክ ጠይቋት አያውቅም። ሰው የሚፈልገውን ለምን እንደሚፈልግ መጠየቅ በነሱ ዘንድ ደግ አይደለም።

ዘንድሮ ጁን ላይ ስልክ ደወለላት።

“ክሊቭላንድ እንዳትቀሪ” አላት።

“መቼ ቀርቼ አውቃለሁ?”

“የኔ የመጨረሻዬ ነው። ሐኪሙ መንዳት አቁም ብሎኛል፤ ልጄም ጠረጴዛውን እንድለቅ አድርጋኛለች። ግን ሳልሄድ አንድ ነገር ይዤልሻለሁ። አገኘሁልሽ፣ አርሊን።”

“ምኑን?”

“ስትመጪ ታዪዋለሽ። በስልክ አልነግርሽም፣ ፊትሽን ማየት እፈልጋለሁ።”

አርሊን ስልኩን ዘግታ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመች። ለራሷ ‘ንጹሕ ጀርባ ነው፣ እንደ ሌሎቹ፣ ተስፋ አታድርጊ’ አለች። ግን ልብ አይታዘዝም። ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ሳህን ስታጥብም፣ አትክልት ስታጠጣም፣ የሩዲ ጽሑፍ ዓይኗ ላይ ይመጣባት ነበር። አንዳንዴ ምሯታል፣ አንዳንዴ አልማራትም።

ሐሙስ ጧት በሩ እንደተከፈተ ገባች። አዳራሹ እንደ ልማዱ ብርድ ነው፤ ውጭ ፀሐዩ አስፋልት ያቀልጣል፣ ውስጥ ሹራብ ያስፈልጋል። ጎማ ያለው ሻንጣ የሚጎትት፣ ስልኩ ላይ ዋጋ የሚያይ፣ እሽግ ቀዶ የሚጮህ፣ ቺዝ የፈሰሰበት ቺፕስ ይዞ በሰው ካርድ ላይ የሚያጎነብስና የሚሰደብ፤ አርሊን ማንንም አላየች። በየሳጥኑ ቆም ማለቱንም ተወችው። ይህን ያየው ኮርዴል ነው፣ ከሜርል ጎን ጠረጴዛ ያለው የአክረን ሰው፣ ሃምሳውን ያለፈ፣ ሆዱም ሳቁም ትልቅ።

“ኧረ ገልባጯ መጣች!” አለ እጁን አፉ ላይ አድርጎ። “ጎበዝ፣ ካርዶቻችሁን በሆዳቸው አስተኙ! እሜቴ እንዳይደክማት!”

“ዝም በል አንተ፣ ኮርዴል” አለችው፤ ድምጿ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

“ምነው? እኔን ሳትገለብጪ ልታልፊ?”

“አንተን የሚገለብጥ ክሬን ነው።”

ሜርል ከወንበሩ ተነሣ። ሸሚዙ አዲስ ነው፣ ኮሌታው አንድ ጎኑ ተነሥቷል። አቅፏት ሲያበቃ “ተቀመጪ” አላት። የሚሸጠውን ዕቃ ካስቀመጠበት ሳጥን ሳይሆን ከደረት ኪሱ ውስጥ፣ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። መሐረቡን ለመፍታት ጊዜ ፈጀበት። ልርዳህ አላለችውም፤ እንደማይወድ ታውቃለች። በወፍራም ጠንካራ ፕላስቲክ የታሸገ ቡሬክ ነው።

“ያውልሽ” አለ።

አርሊን ያዘችው። አልገለበጠችውም። ቡሬክ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት ያያታል።

“ግልብጪው እንጂ!” አለ ሜርል። “ሠላሳ ዓመት ስትገለብጪ ኖረሽ ዛሬ ምን ነካሽ?”

ገለበጠችው።

ምንም አልነበረም። ንጹሕ ነው። የቡሬክ ክብደት፣ የቡሬክ ቁመት፣ የቡሬክ የልደት ቀን፣ ሌላው ባዶ። ከፋት፤ ግን ደግሞ ትንሽ ቀለል አላት፤ የምታውቀው ሐዘን ነዋ። እንደ ሁልጊዜው ልታመሰግን አፏን ስታሰናዳ ሜርል ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ።

“ስገዛው እንዲህ እንዳይመስልሽ” አለ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ምስጢር። “ፍሪሞንት አንድ ሰው ሞቶ ልጆቹ የጋራዡን ዕቃ ሲሸጡ ነው ያገኘሁት፣ ከብዙ ተራ ካርድ ጋር። ፊቱ እንደምታዪው ነው፣ ማዕዘኑ አራቱም ስለት! ገልብጬ ባየው፣ ምን ልበልሽ፣ የሆነ ልጅ ጀርባውን በእርሳስ ሞልቶታል። ከላይ እስከ ታች። ልቤ ስብር አለ። እንዲህ ያለ ካርድ ላይ!”

አርሊን ካርዱን በሁለት እጇ ያዘችው።

“ከዚያ ለራሴ አልኩ፣ ሜርል፣ እጅህ ሳይከዳህ አንድ የመጨረሻ ሥራ ሥራ። ለመሸጥ ቢሆን እጄን ቁርጥማት ይያዘው! የተጻፈበትን አጥፍቶ መሸጥ በኛ ዘንድ ነውር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ላንቺ ስጦታ ስለሆነ ነው። ጧት ጧት እጄ ትንሽ ጋብ ይልልኛል፣ በቀን አሥር ደቂቃ፣ ለስላሳ ላጲስ እየቆረጥኩ፣ አንድ ፊደል፣ ሁለት ፊደል። የበረዶውን ክረምት በሙሉ! ልጄ አብደሃል አለችኝ።”

“ምን ይል ነበር?” አለች አርሊን።

“እ?”

“ጽሑፉ። ምን ይል ነበር?”

“ምን አውቄ? የልጅ ነገር ነው። ደብዝዟል፣ እኔም አላነበብኩትም፤ ካነበብሽው ማጥፋት ያሳዝናል።” ጭንቅላቱን አከከ። “ከላይ ቀን ነበረው፣ ጁላይ አሥራ ስምንት። ብቻ አንድ ነገር አስታውሳለሁ፣ እንዲያውም ሳቅሁ። ያንቺ ስም ነበረበት! ‘አርሊን’ ይላል። ሁለት ቦታ ይመስለኛል። አየሽ፣ ይኼ ካርድ ድሮውኑ የአርሊን ነው አልኩ!”

አዳራሹ ውስጥ የሆነ ሰው ደህና ካርድ ወጥቶለት ኖሮ ጩኸት ተነሣ። አርሊን እስኪያልፍ ጠበቀች።

“ባትሪህን አውሰኝ” አለችው።

ሜርል በኩራት ሰጣት። “ፈትሺው! አውጪና ፈትሺው፣ ምንም አታገኚም።”

ካርዱን ከፕላስቲኩ አወጣችው። ሩዲ ሲጽፍ እርሳሱን ይጫን ነበር፤ ቢጠፋም ጎድጎድ ያለ ነገር ይኖራል፣ አንድ ቃል እንኳ ይበቃኛል አለች በልቧ። ባትሪውን በጎን አበራች። ካርዱን አጋደመችው፣ ዞር አደረገችው፣ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ለጥ ያለ ነው።

“ጎድጓዳውን እየፈለግሽ ነው አይደል?” አለ ሜርል ደስታው ከፊቱ እየፈሰሰ። “ብልጥ! እሱንም አስቤበታለሁ። በትንሽ እርጥበት አለስልሼ በሁለት ለጥ ያለ ብረት መሐል አንድ ወር አስቀመጥኩት። አርባ ዓመት የሠራሁት ሥራ ምን ሊረባኝ ነው ታዲያ?”

ሠላሳ አንድ ዓመት አጠገቡ ተቀምጣለች። አንዲት ቃል፣ ሳንድዊች እየበሉ፣ ‘ሜርል፣ ወንድም ነበረኝ’ ብትለው ይህ ሰው ያቺን ካርድ በሁለት እጁ ተሸክሞ በሌሊት ነድቶ ያመጣላት ነበር። ይህን አሁን አወቀች። ከሐይቁ የተረፈውን፣ ከባዛሩ የተረፈውን፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ጋራዥ ውስጥ ያልጠፋውን ያጠፋው የእሷ ዝምታ ነው፤ ላጲሱን የያዘው እጅ ደግሞ ከወዳጆቿ ሁሉ የሚወዳት እጅ። እኔ ብሆን እጮህ ነበር። አርሊን ግን ሳትጮህ እንባዋ ብቻ ዱብ ዱብ አለ፤ ካርዱን እንዳይነካው እጇን ወደ ጎን ዘረጋች።

ኮርዴል ይህን አየ። “ኧረ ጎበዝ!” ብሎ ጮኸ። “ገልባጯ አገኘች! ሜርል አገኘላት!”

ወሬው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሮጠ። ሰዉ ካርዱን እየተወ ብድግ አለ፤ መጀመሪያ ኮርዴል፣ ቀጥሎ የዚያ መተላለፊያ ነጋዴ በሙሉ ያጨበጭብ ጀመር። እዚያ ቦታ ጭብጨባ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ሰው ዕድሜውን ሲለቅም ኖሮ የመጨረሻዋን ካርድ ሲያገኝ ነው የሚጨበጨብለት። አንድ ረጅም ሽማግሌ መጥቶ የወረቀት መሐረብ ዘረጋላት። “አይዞሽ” አላት፣ ዓይኑ እርጥብ ብሎ። “እኔም የመጨረሻዬን ሳገኝ እንዲሁ ነው ያለቀስኩት። ሚስቴ ሰው የሞተ መስሏት ከላይ ቤት ሮጣ ወረደች።”

አርሊን አንገቷን ነቀነቀችለት። ተነሥታ ለሰዎቹ እጅ ነሣች። ሌላ ምን ታድርግ?

ሕዝቡ ወደየሳጥኑ ሲመለስ ሜርል በጣም ደክሞት ነበር። ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ጉልበቱ ላይ ጫነው፣ መንቀጥቀጡን እንዳታይበት። ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ ፊት ነበር።

“አሁንስ ንገሪኝ” አላት። “ከእንግዲህ ነጋዴም አይደለሁ፣ መጠየቅ እችላለሁ። ይኼ ቡሬክ ምንሽ ነው?”

አፏ ላይ ነበር። ሩዲ ልትል ነው፣ ወንድሜ ልትል ነው። ከዚያ አየችው። ሞኝ አይደለም ሜርል፤ ወንድም የሚለውን ከሰማ ቀኑን ያስታውሳል፣ ስሟን ያስታውሳል፣ እና ክረምቱን በሙሉ ጧት ጧት ምን ሲያጠፋ እንደነበር ያውቃል። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ይህን ይዞ ወደ ባዶ ቤት ሊገባ ነው።

“ፊቱ ደስ ይለኛል” አለች።

ሜርል ሳቀ። “ፊቱን ከወደድሽ ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ጀርባውን ስትገለብጪ ምን ፈልገሽ ነው?”

አርሊን ካርዱን ወደ ፕላስቲኩ መለሰችው። ክዳኑን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ዘጋችው።

“ንጹሕ ነገር ስለምወድ ነው፣ ሜርል” አለችው።

“አላልኩህም?” አለ ሜርል ወደ ኮርዴል ዞሮ። “ስንት ዓመት ነው የምነግርህ!”